ከአልጋ እግር የተሠራው ብሩሽ

«ጢሙን አይተሽዋል? መጥረጊያ እኮ ነው የመሰለው! የኛ አባት! የከተማውን ወንድ ሁሉ ሲላጭ የኖረ ሰው!» ይህን የሰማሁት ፊቴ በሙሉ በአረፋ ተሸፍኖ፣ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ በሌላው ዓይኔ መስታወት እያየሁ ሳለ ነው። ተናጋሪዋ የባለቤቴ ታላቅ እህት ናት። የምታወራው በስልክ ነው፤ ድምጿ ግን ስልክ አያስፈልገውም። ባለቤቴ ስልኩን ከጆሮዋ ክንድ ያህል አርቃ እንደያዘችው በተዘጋው የመታጠቢያ ቤት በር በኩል ሳላያት አውቃለሁ። «ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መኪና ይዘን እንመጣለን። በአዛውንቶቹ ቤት ቦታ ተይዞለታል። አትክልት አለው፣ ነርስ አለው፣ ፀጉርና ጢም የሚያስተካክል ሰው እንኳ በየሳምንቱ ይመጣል። አንቺ ከስፌትሽ ጋር፣ ባልሽ ከቧንቧው ጋር፣ አባባን ማን ያየዋል? ልብሱን ብቻ አዘጋጂ።» ባለቤቴ «እሺ» አለች። እሺ ያለችበትን ድምፅ ልንገራችሁ፤ ውሃ ሊቋረጥ ሲል ቧንቧ በመጨረሻ የሚያሰማት ትንፋሽ አለች አይደል? እሷን ነው። እንጀራዬ ቧንቧ ስለሆነ ድምፁን ከሩቅ እለየዋለሁ።

ሌላ ቀን ቢሆን በሩን በርግጄ እወጣ ነበር። ያን ዕለት ግን በእጄ የያዝኩትን ነገር ማስቀመጥ አቃተኝ። ብሩሽ ነው፤ የጢም ብሩሽ። ከሱቅ የሚገዛው፣ ሳምንት ሳይሞላው ፀጉሩ እየተነቀለ አፍ ውስጥ የሚገባው የፕላስቲክ ብሩሽ አይደለም። በልኬ የተሠራ ነው። ልብስ በልክ ይሰፋል፣ ጫማም በልክ ይሠራል፤ ብሩሽ በልክ እንደሚሠራ ግን እኔም ያወቅኩት ከቶርኖ ነው። ቶርኖ የምንለው ከገበያው ጀርባ የእንጨት እቃ የሚሠራውን ሰው ነው። ቶርኖ እንጨቱን የሚያሽከረክርበት ማሽን ስም ነበር፤ ሰውየው ከማሽኑ ተለይቶ ታይቶ ስለማያውቅ ስሙ ወደ እሱ ተዛወረ። የሱቁን ቧንቧ ጠግኜለት «ምን ልሥራልህ?» ሲለኝ በቀልድ «የጢም ብሩሽ» አልኩት። ቶርኖ ደግሞ ቀልድ የሚባል ነገር የማይገባው ፍጡር ነው። እርጥብ ጭቃ መዳፌ ላይ አስቀምጦ «ጨብጥ» አለኝ። ጨበጥኩ። «እንደሱ አይደለም! የሚላጭ ሰው እንደሚጨብጥ!» ብሎ ተቆጣኝ፤ እኔም በሱቁ ደጅ ጭቃ ይዤ ጉንጬን ወዲያ ወዲህ ማሸት ሆነ ሥራዬ፤ ያየኝ ሁሉ ለየለት ብሎ አልፏል። የጣቶቼ ጉድጓድ የቀረበትን ጭቃ አድርቆ ከፊቱ አስቀመጠና እሱን እያየ እንጨቱን ቀረጸው። በጫፉ የፈረስ ጋማ ተከለበት። ትናንት ሲያስረክበኝ በጋዜጣ ጠቅልሎ፣ እንደ አራስ ልጅ በሁለት እጁ ደግፎ ነው።

እስቲ እንዴት ልግለጽላችሁ። እጀታውን ስጨብጠው የጨበጠኝ እሱ ነው። እያንዳንዱ ጣቴ የራሱን መኝታ አግኝቶ ተኛ። ፀጉሩን በሙቅ ውሃ ነክሬ ሳሙናው ላይ ሁለቴ ሳዞረው የተነሳው አረፋ ከሳህኑ ተርፎ፣ በማጠቢያው ወርዶ፣ በመስኮት ሊወጣ ሲል ነው የያዝኩት። አጋነነ ትሉኛላችሁ፤ እሺ፣ የፈለጋችሁትን ያህል ቀንሱ፤ የሚቀረውም ይበቃኛል። ከዚህ በፊት እኔና ምላጬ እንደ ሌባና ፖሊስ ነበርን፤ አንዳችን ሳንደማ ተለያይተን አናውቅም። ያን ቀን ግን ምላጩ በጉንጬ ላይ በበረዶ ላይ እንደሚንሸራተት ሰው ሄደ። ችግሩ ምን መሰላችሁ፤ አለቀ። የሰው ልጅ ጢም ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው። የተላጨውን ጉንጭ እንደገና አረፋ ቀባሁት፤ ላጨሁት፤ ደግሞ ቀባሁት። ግንባሬን ሳይቀር አየት አደረግኩት።

በሩ ተንኳኳ። «ጨረስክ ወይስ ፊትህን እያሰፋኸው ነው?» አለች ባለቤቴ።

ወጣሁ። በሳሎኑ ጥግ በስፌት መኪናዋ ላይ ያልተጨረሰ የተማሪ ቀሚስ ተሰቅሎ ነበር፤ እሷ ግን ልትሰፋ አልተቀመጠችም። ሳይጠጣ የቀዘቀዘ ሻይ ይዛ ቆማለች። እህቷ ክፉ እንዳልሆነች፣ የምትለውም እውነት እንዳለው፣ አባባ እንደዚያ ሆኖ ማየት ለማንም እንደሚከብድ ነገረችኝ። ይህን ሁሉ ስትነግረኝ ግን የምታየው የአባቷን ክፍል በር ነው። «እዚያ ከሄደ ግድግዳ እያየ ነው የሚሞተው» አለች። «እዚህም ግድግዳ ነው የሚያየው፤ ግን ግድግዳው የኔ ነው። እህቴ ከመጣች ወዲያ እምቢ ማለት አልችልም፤ በልጅነቴ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ዋናው ምክንያቷ ግን ጢሙ ነው። ጢሙ ተላጭቶ፣ ሰው መስሎ ቢጠብቃት አፏን ምን ብላ ትከፍታለች? አንተ ደግሞ ለማላገጥ ጊዜ የማይቸግርህ ሰው ነህ፤ እስቲ አንድ ቀን ለቁም ነገር ተጠቀምበት።» የዳቦ ቤቱ ማጠቢያ ተደፍኖ እየጠበቀኝ ነበር። ደወልኩና መንገድ ላይ ትልቁ መስመር ፈንድቶ ጎርፍ እንደያዘኝ፣ በጀልባ ካልሆነ መድረስ እንደማልችል ነገርኳቸው።

አሁን አማቴን ላስተዋውቃችሁ። ፀጉር አስተካካይ ነበሩ፤ እሳቸው ያልላጩት ጉንጭ በዚህ ከተማ ካለ የሴት ነው ይባል ነበር። አንድ ቀን ቀኝ እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሐኪሙ ስሙን ነገራቸው፤ መድኃኒቱን ግን አልነገራቸውም። በሌላ ቀን የደንበኛን ጆሮ ጫፍ በምላጭ ነኩና፣ ደንበኛው «ምንም አይደለም» ቢላቸውም፣ ፎጣዎቹን አጥበው አጥፈው ሱቁን በገዛ እጃቸው ዘጉት። ወደኛ ሲመጡ ይዘውት የመጡት እቃ አንድ ብቻ ነው፤ ያ የሚሽከረከረው የደንበኛ ወንበር። ክፍላቸው ውስጥ ከመስኮቱ ፊት ተተከለ። ዕድሜ ልካቸውን ከኋላው የቆሙበት ወንበር ላይ አሁን ራሳቸው ተቀምጠው፣ ከኋላቸው የሚቆም ሰው ሳይኖር ይውላሉ። ጢማቸው ወረደ፣ ደረታቸው ላይ ደረሰ። ባለቤቴ መቀስ ይዛ ስትቀርብ ወንበሩን ወደ ግድግዳ ያዞሩታል። አንዴ የሰፈሩን ፀጉር ቆራጭ ለምኜ አምጥቼ ነበር፤ ምላጩን ተቀብለው በብርሃን አዩና «ለሥጋ ቤት ስጠው» ብለው መለሱለት። ከኔ ጋር የሚነጋገሩት ደግሞ በወር የምትቆጠር ቃል ናት፤ እሷም «በሩን ዝጋ» ናት። ስሜን ያውቁታል ብዬ አላስብም፤ ድሮ ይናገሩ በነበረ ጊዜም «ቧንቧ» ነበር የሚሉኝ።

ምን እንደማደርግ ሳላውቅ ብሩሹን በደረት ኪሴ ሰክቼ ወደ ግቢው ወጣሁ። የግቢያችን ዘበኛ በር ላይ በርጩማው ላይ ተቀምጦ አገኘሁትና የእግዜር ሰላምታ ሳላቀርብ ብሩሹን አሳየሁት። ትምህርትና እኔ ከሰባተኛ ክፍል ወዲያ መንገድ ላይ ብንገናኝም ሰላም አንባባልም፤ ታሪክ ላይ ግን ማንም አይችለኝም። እንጨቱ ከአንድ ንጉሥ ዙፋን እግር የተወሰደ መሆኑን፣ ንጉሡ በዚህ ብሩሽ ሲላጩ ጠላት ከተማውን ከቦ እንኳ «ቆይ ጉንጬን ልጨርስ» ብለው እንዳስጠበቁት፣ ጠላትም አረፋውን አይቶ ጉም ወረደብን ብሎ እንደተመለሰ ነገርኩት። ዘበኛው ጉንጩን አሻሸ። «እስቲ እኔንም ንካኝ» አለ። ከዚህ የበለጠ ምን እፈልጋለሁ! ውሃ፣ ሳሙናና ምላጭ አምጥቼ እዚያው በርጩማው ላይ አረፋ እቀባው ጀመር። አፍንጫው ውስጥ ገባበት፤ ጆሮውን ደፈንኩት። እየሳቅን ሳለ አንገቴ ላይ የሰው ዓይን ተሰማኝ። ዞር ስል የአማቴ ክፍል መጋረጃ ተንቀሳቅሶ ነበር። ነፋስ አልነበረም።

ያኔ ነው ነገሩ የበራልኝ። ባለሙያን ከተኛበት መቀስቀስ ከፈለጋችሁ አትለምኑት፤ ሥራውን ደጁ ላይ አበላሹበት። እኔን ለምሳሌ ሞቼ ብትቀብሩኝ፣ መቃብሬ አጠገብ ሰው ቧንቧ በተቃራኒ ሲያጠብቅ ከሰማሁ እነሳለሁ። ዘበኛውን ፊቱ ላይ ካለው አረፋ ጋር ከነበርጩማው ገፍቼ መስኮቱ ሥር አመጣሁት። ምላጩን ጢሙ ከተኛበት በተቃራኒው ሰደድኩት። ሳሙናውን በቀዝቃዛ ውሃ ደባለቅኩት፤ እንደ ሊጥ ጓጎለ። ብሩሹን እንደ መዶሻ አነሳሁ ጣልኩ። በዚህ መሃል ደግሞ ጮክ ብዬ ለዘበኛው ስለ ጢም አላጫጭ ትምህርት እሰጣለሁ፤ «አየህ፣ ዋናው ሚስጥር ቶሎ ቶሎ መፋቅ ነው!» መጋረጃው በአንድ ጣት ስፋት ተከፈተ። አንድ ዓይን ታየች፤ ከዚያ ተዘጋ። ዘበኛው ከግማሽ ሰዓት በኋላ ከእጄ ሲወጣ ድመት የተጣላችው ይመስል ነበር፤ ዙፋኑን አስታውሶ ግን አመሰገነኝ። ከመስኮቱ ድምፅ አልወጣም። ምሳ ሰዓት ደረሰ፣ አለፈ። ባለቤቴ የአባቷን ልብስ በአልጋው ላይ እያጠፈች ስታስቀምጥ በክፍሉ በር በኩል አየኋት፤ አጥፋ ትጨርስና እንደገና ትፈታዋለች። እሳቸው ወንበራቸው ላይ፣ እሷ አልጋው ጫፍ ላይ፣ በመካከላቸው የታጠፈ ሸሚዝ፤ አንድም ቃል የለም። ልብሱ ለምን እንደሚታጠፍ አልጠየቋትም። የሚያውቁ ሰው ዝምታ ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ቶርኖ መጣ። የሠራው እቃ የመጀመሪያ ቀኑን እንዴት እንደዋለ ሳያይ እንቅልፍ አይወስደውም፤ የሠራውን ወንበር ሊጠይቅ የሰው ሳሎን ድረስ የሚሄድ ሰው ነው። ብሩሹን ሲያየው ጮኸ። «ምን አድርገኸው ነው? ጋማው ተጎሳቁሏል! ጋማው እስኪታጠፍ አትጫነው ብዬህ አልነበረም?» እጁን ይዤ በርጩማው ላይ አስቀመጥኩት። «እንግዲያው ተቀመጥና በራስህ ፊት ላይ ፈትነው» አልኩት። ሊነሳ ሲል አረፋውን ከአገጩ እስከ ቅንድቡ ለጠፍኩበት። በዚህ ጊዜ ቀልድ አልነበረም፤ ሰዓቱ እየሄደ ነው፤ ተስፋ ቆርጬ በንዴት ነው የምቀባው። መስኮቱ ባንዴ ብርግድ ብሎ ተከፈተ።

«አንተ ቧንቧ! ሰው ነው የምትላጨው ወይስ ግድግዳ ነው የምትለስነው?»

ከቤት ውስጥ ሲሰማ የነበረው የባለቤቴ የስፌት መኪና ድምፅ በዚያው ቅጽበት ቀጥ አለ። እኔም ብሩሼን እንደያዝኩ ቀረሁ። አማቴ ከመስኮቱ ጠፉና በበሩ ወጡ፤ በነጠላ ጫማ፣ ጢማቸው ፊት ፊታቸውን እየቀደመ። ብሩሹን ከእጄ ነጠቁኝ። በመዳፋቸው አንከባለሉት፣ መዘኑት፣ ከዚያ ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት። እኔ መቼስ አፌ አያርፍም፤ «ከንጉሥ ዙፋን እግር ነው አባባ…» ብዬ ጀመርኩ።

«የአልጋ እግር ነው» አሉ።

ቶርኖ በአረፋው ውስጥ ሆኖ መሬት መሬት አየ። «ያረጀ አልጋ ነው» አለ ቀስ ብሎ፤ «ደረቅ እንጨት ነው፤ አይሰነጠቅም።»

«እጀታውስ በማን እጅ ነው የተለካው? አካፋ ነው የሚያክለው!»

«በኔ ነው፣ አባባ።»

«ያስታውቃል።»

ይህን ይበሉ እንጂ አላስቀመጡትም። አካፋ የሚያክለው እጀታ የሚንቀጠቀጠውን እጅ ሞልቶት ነበር፤ ቀጭን ቢሆን ይወድቅባቸዋል፤ ይሄ ግን የትም አልሄደም። ሙቅ ውሃ እንዳመጣ አዘዙኝ፤ የጓጎለውን ሳሙና አስደፉኝ፤ በአዲስ ጀመሩ። ያቺ ሱቅ ያስዘጋቻቸው እጅ፣ ብርድ እንደያዛት ወፍ የምትርገፈገፈዋ እጅ፣ ሳሙናው ላይ ስታርፍ ምን ሆነ መሰላችሁ? ማንም ጤነኛ ሰው በዚያ ፍጥነት እጁን ማንቀሳቀስ አይችልም። አረፋው እንደ ወተት ተነሳ፣ እንደ ጥጥ ሆነ፣ ከዚያም እንደ ምን እንደሆነ እኔ ስም የለኝም። እውነቴን ነው የምላችሁ፤ ከዚህ በፊት ያወራሁትን ሁሉ አትመኑ፤ ይህችን ግን እመኑኝ። የኔን ልጥፍ በፎጣ ጠርገው ቶርኖን እንደገና ቀቡት፤ የቶርኖ ትከሻ ወረደ፣ መንጋጋው ተፈታ፤ ዕድሜ ልኩን እንጨት ሲያለሰልስ የኖረው ሰውዬ እሱ ራሱ ለሰለሰ።

ከዚያ ምላጩን አነሱ። ብሩሽ ሲንቀጠቀጥ አረፋ ይወጣዋል፤ ምላጭ ሲንቀጠቀጥ የሚወጣው ሌላ ነው። ቶርኖ ዓይኑን ጨፈነ፤ ግን አልተነሳም፤ ለዚህች አንዲት ነገር ዕድሜ ልኬን አከብረዋለሁ። ምላጩ ከጉሮሮው አንድ ጣት ርቆ በአየር ላይ ቀረ። አማቴ እጃቸውን አዩት። የማያውቁት ሰው እጅ ይመስል፣ ይታዘዛቸው እንደሆነ ትንሽ ጠበቁት። አልታዘዘም። ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ ወደ አባቷ አንድ እርምጃ ተራመደችና ቆመች። አማቴ ምላጩን ፎጣው ላይ ቀስ ብለው አኖሩትና፣ ማንንም ሳያዩ ወደ ክፍላቸው ዞሩ።

አንድ ነገር መናገር ነበረብኝ፤ እኔ ደግሞ ቁም ነገር ስፈልግ የማገኘው ሰው አይደለሁም። አፌ ላይ የመጣልኝ «አባባ፣ አረፋው ይደርቃል» የሚል ብቻ ነው።

ቆሙ። ፀጉር አስተካካይ ሚስቱ ብትሞት ይታገሣል፤ አረፋ ፊት ላይ ሲደርቅ ግን አይችልም። ጀርባቸውን እንደሰጡኝ «ያዘው ምላጩን» አሉ። ያዝኩ። «አትጨብጠው! መፍቻ አይደለም። በሦስት ጣት።» ዞሩና አጠገቤ ቆሙ። ቆዳውን በየት በኩል እንደምወጥር፣ ጢሙ ወዴት እንደሚተኛ በጣት ዳስሼ እንደማውቅ፣ ከአፍንጫ ሥር ስደርስ ትንፋሼን እንዴት እንደምይዝ እየሰደቡ ነገሩኝ። እንዲህ ያለ ስድብ ሰምቼ አላውቅም። አንዱም ብልግና የለበትም፤ ሁሉም ግን አጥንት ይሰብራል። የቶርኖ ጉንጭ ከሥር እንደ አዲስ ጠረጴዛ ብቅ አለ። ራሱን በመስኮቱ መስታወት ሲያይ የሰው እቃ እንደሚያይ ሁሉ በጣቱ መታ መታ አደረገው።

«ጥሩ ነው፣ አባባ» አልኩ። «ግን የቶርኖ ጢም ሁለት ፀጉር ናት፤ በሷ ሙያ አይለመድም። ነገ ሰፈር ውስጥ ወፍራም ጢም ያለው ሰው ፈልጌ እሱ ላይ እለማመዳለሁ።» ዘበኛው ይህን ሲሰማ ወደ በሩ ሸሸ። አማቴ የተጎዳውን የዘበኛውን ፊት በዓይናቸው ተከተሉት።

«አንተን በሰው ፊት ላይ ከምለቅ…» አሉና አልጨረሱትም።  ከዚያ ቶርኖን በክንዱ አስነስተው በርጩማው ላይ ራሳቸው ተቀመጡ። ባለቤቴ ገብታ መቀስ ይዛ ወጣች።

«የጨርቅ መቀስ?» አሏት።

«ሌላ የለኝም፣ አባባ።»

«ጢሜ መጋረጃ መሰለሽ?» ይህን ብለው አገጫቸውን ቀና አደረጉላት። እሷም ትቆርጥ ጀመር፤ ጢሙ ጭናቸው ላይ ይወድቃል። እጇ ግን ጨርቅ ስትቆርጥ የማይሆነውን ሲሆን አይቻለሁ፤ ይንቀጠቀጥ ነበር። «ከኔ ወረሽ እንዴ?» አሏት፤ ሁለቱም ከአፍንጫቸው ሳቁ። ከዚያ አማቴ ብሩሹን ይዘው የራሳቸውን ፊት በራሳቸው እጅ ቀቡ። ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር። ብሩሹን በጉንጫቸው ላይ ከሚያስፈልገው በላይ አዞሩት፤ እኔም አላቻኮልኳቸውም፤ ጠዋት መታጠቢያ ቤት ውስጥ እኔ ራሴ ምን ስሠራ እንደነበር አውቃለሁ። በቀኝ በኩል ጀመርኩ።  ቀኙን ጨርሼ ወደ ግራ ስዞር ከበሩ ውጪ የመኪና ጡሩንባ ጮኸ።

የባለቤቴ እህት ባዶ ሻንጣ ይዛ ገባች። ከኋላዋ ባሏ ተከተላት፤ በሌለበት «ስብሰባ» እንለዋለን፤ ሁልጊዜ ወይ ከስብሰባ እየመጣ ነው ወይ ወደ ስብሰባ እየሄደ ነው። እህትየው ተናግራ ልትጨርሰው ያዘጋጀችው ብዙ ነገር እንደነበር ከአረማመዷ ያስታውቃል። አባቷን ስታይ ግን ሁሉም ከአፏ ጠፋ። አንዱ ጉንጫቸው የድሮው አባቷ ነው፤ ሌላው ገና በአረፋ ውስጥ ነው። ቀርባ በጣቶቿ ጀርባ የተላጨውን ነካችው።

«ማን ነው የላጨህ?» አለች።

«ይሄ ቧንቧ ነዋ። አገጬ ሥር ሳር ትቷል፤ ገና ይማራል።»

«ይናገራል እንዴ?» አለች ወደ እህቷ ዞራ፣ በሹክሹክታ።

«ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ አላረፈም» አለች ባለቤቴ።

እህትየው ሻንጣውን አስቀመጠችና ዓይኗን በመሐረብ ጠረገች። ግን የጀመረችውን የምትተው ሴት አይደለችም፤ ቦታ ይዛለች፣ ሰው ለምናለች፣ ደግሞም ከልቧ ፈርታላቸዋለች። «በሉ ጨርሱትና እንሂድ፤ እየጠበቁን ነው» አለች። ድምጿ እንደ ጠዋቱ አልነበረም። ባለቤቴ መሬት አየች። ቶርኖ ሰማይ አየ። እኔም የቀረውን ጉንጭ ልጀምር ምላጩን አነሳሁ፤ ሕይወቴን ሙሉ ሥራዬን ቀስ ብዬ ለመሥራት እንደዚያን ጊዜ ፈልጌ አላውቅም። አማቴ እጄን ያዙኝ። የሚንቀጠቀጠው እጅ ነው፤ ግን ጥብቅ አድርጎ ያዘኝ።

«ምን ያህል ቀረ?»

«ግራው በሙሉ፣ አባባ።»

ፎጣውን ከትከሻቸው አወረዱ። በግራ ጉንጫቸው ላይ ያለውን አረፋ ቀስ ብለው፣ ሳይቸኩሉ፣ ጥርግ አደረጉት። ከሥሩ ጢሙ በመቀስ ተቆራርጦ እንደ ታጨደ ማሳ ቆሞ ነበር። «ለዛሬ ይበቃል» አሉ። «የቀረውን ነገ።»

«አባባ! ግማሽ ፊት ተላጭቶ ይኬዳል?» አለች ልጃቸው።

«እኔስ ምን አልኩ? ግማሽ ፊት ይዤ የትም አልሄድም።»

«እሺ፣ ነገ ትጨርሳለህ። ነገ መጥተን እንወስድሃለን።»

አማቴ ፎጣውን አጣጥፈው ጭናቸው ላይ አኖሩት። ስብሰባ ግን አገጩን ይዞ ያስብ ነበር። ሰውየው ነገር ሲቆጠር መስማት ስለሚወድ ጣቶቹን ዘረጋ። «ግን እኮ» አለ፤ «ነገ ግራውን ሲላጩ ቀኙ ይበቅላል። ከነገ ወዲያ ቀኙን ሲላጩ ደግሞ ግራው ይበቅላል። እንዲህ ከሆነ መቼም…»

«አየሽ» አሉ አማቴ ወደ ትልቋ ልጃቸው ዞረው፤ «ስብሰባ መቀመጥ እንዲህ ይጠቅማል።»

መጀመሪያ የሳቀው ዘበኛው ነው፤ ከበሩ ድረስ ተሰማ። ባለቤቴ አፏን በእጇ ያዘች። እህትየው ልትቆጣ ፈልጋ ነበር፤ ፊቷ ለቁጣ ተዘጋጅቶ ከንፈሯ ከዳት። አባቷን ረጅም ጊዜ አየቻቸው፤ ቀኙን አየች፣ ግራውን አየች፤ እሳቸውም ዓይናቸውን ሳይሰብሩ አዩዋት። ጎንበስ ብላ የተላጨውን ጉንጭ ሳመችው፤ ቀጥላ ያልተላጨውን ሳመችውና «ይወጋል» አለች። ሻንጣውን አንስታ ለባሏ አቀበለችው።

«መኪናው ውስጥ አስገባው።»

«ባዶውን?» አለ ስብሰባ።

«ባዶውን።»

ባለቤቴ ለሁሉም ሻይ ልታፈላ ገባች፤ እህቷም ወንበር ልታወጣላት ተከተለቻት፤ ከውስጥ የሁለቱ ድምፅ ሲደራረብ ይሰማል፤ የትኛዋ እንደምትናገር አይለይም። አማቴ ከበርጩማው ተነሱ። ብሩሹን ለመጨረሻ ጊዜ በመዳፋቸው አንከባለሉትና ሰጡኝ። «አጥበው» አሉኝ። «ውሃውን አራግፈህ ፀጉሩን ቁልቁል ዘቅዝቀህ ስቀለው፤ በኔ ክፍል። በጠዋት እፈልገዋለሁ።» የማን ብሩሽ እንደሆነ፣ በማን እጅ እንደተለካ ላስታውሳቸው አፌን ከፈትኩ። ባለቤቴ የሻይ ብርጭቆዎቹን ይዛ ስትወጣ እግሬን ረገጠችኝ፤ ሄጄ አጠብኩት።